በዓል ባልሆነ ቀን

(ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ላይ የአገር ልጆች በተሰበሰብንበት የተናገርኩት ነው። ያልመጡ ሰዎች «ጻፈውና እናንብበው» ስላሉኝ ከነመንዛዛቱ እነሆ። ያወጣሁት ሳሌንና መሀል ላይ የጮኸውን የአንድ ሰው ስልክ ብቻ ነው።)

ጤና ይስጥልኝ! አሰላሙ አለይኩም! እንደምን ዋላችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን ዋላችሁ?

እህ፣ አሁን ወሎ መግባቴን አመንኩ። እኛ አገር ሰላምታ አይቆጠብም።

አባቶች፣ እናቶች፣ ሼሆች፣ ቄሶች፣ አብረን ያደግን ጓደኞቼ፣ ከአዲስ አበባ የመጣችሁም፣ እዚሁ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ሐይቅ የምትኖሩም፣ መርሀባ። ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላሳውቅ። በሩ አጠገብ የተደገፈው እስር አገዳ የኔ ነው። ጥንቅሽ ነው። ትናንት ማታ ከሐይቅ የመጣ። ንግግሩ ሲያልቅ ትካፈላላችሁ። ሲያልቅ ነው ያልኩት። ከኋላ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ አያችኋለሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «ወደ አገር ቤት መመለስ» ይላል። ከባድ ነው። ፋብሪካ ስለሚተክል ሰው የማወራ መስሏችሁ ከሆነ ይቅርታ። እኔ የማወራው ስለ ሁለት ቀን ነው። ዓርብ ሄዶ እሑድ ስለ መመለስ። እናትን አይቶ፣ ጓደኛን አይቶ፣ ሰኞ ቢሮ ስለ መግባት። ይህ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል ትሉ ይሆናል። እኔም ሃያ ዓመት እንደዚያ ስል ነበር።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው፣ መቼ እንሂድ ነው። ሁለተኛው መንገዱ ነው። ሦስተኛው፣ ከደረስን በኋላ ምን እናድርግ ነው። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ሁለቱን ቶሎ ቶሎ እላቸዋለሁ።

አንደኛ፣ መቼ እንሂድ?

እስኪ እጅ አውጡ። ባለፈው ዓመት ቤተሰቡን ሊጠይቅ የሄደ፤ ነገር ግን በዓል ሳይሆን፣ ለቅሶ ሳይሆን፣ ሠርግ ሳይሆን። እንዲሁ፣ ምንም ባልሆነ ቅዳሜ። ማን አለ?

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አምስት። ጋሼ፣ አንቱ እዚሁ ነው የሚኖሩት፤ እጅዎን ያውርዱ። እሺ፣ አራት።

አያችሁ? አዳራሹ ሙሉ ነው፤ አራት እጅ። ያፈራችሁ አትፈሩ፤ እኔም እጄን የማወጣው ከአምና ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የምሄደው ለገና ነበር፤ ለፋሲካ ነበር፤ ጎረቤቶቻችን በዒድ ሲጠሩኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ «አገሬን እኮ በዓመት ሁለት ሦስቴ ነው የምሄደው» ብዬ ቢሮ ውስጥ እኮራለሁ።

በዓል ክፉ ነው አልልም። ግን በዓል ሲሆን ቤታችን ቤታችን አይደለም። ግድግዳው ተቀብቷል። መጋረጃው ታጥቧል። በግ ታስሯል፤ በምን ብር እንደተገዛ አይነገርህም። የአክስት ልጆች ሁሉ መጥተው ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ዶሮ ይበልታሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ። እናትህ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ መሀል ተቀምጣ ታዛለች። አንተ ትበላለህ፣ ትመርቃለች፣ ትሄዳለህ። እንግዳ ነህ። እንግዳ ደግሞ የሚያሳዩትን ነው የሚያየው።

ስለዚህ ምክሬ፣ በጥቅምት ሂዱ። በኅዳርም ይሆናል። ክረምቱ ወጥቷል፤ ጭቃው ደርቋል። አደዩ ሊረግፍ ነው፤ ቢሆንም ገደሉ ላይ አልፎ አልፎ አለ። እሸት ደርሷል። ደጋ ከሆነ የባቄላ እሸት፣ ቆላ ቀመስ ከሆነ የማሽላ እሸት ይጠበሳል። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ነው የሚመስለው። ማታ ማታ በርግጥ ይበርዳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ዝም ብለው አይደለም። ጦሳ ሥር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከዚያ ተራራ የሚወርደውን ብርድ ሁለት ጋቢ አይመልሰውም። እኛ ሐይቆች ትንሽ ይሻለናል። ዝቅ ብለናል። ደሴዎች ደግሞ «ዝቅ ብላችኋል» ሲሉን ሌላ ነገር ማለታቸው ነው።

ከጥቅምት ጋር ሌላም ጉዳይ አለኝ። በ2014 ጥቅምት አዲስ አበባ ነበርኩ። ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ የሆነውን እናንተ ናችሁ የምታውቁት፤ እኔ የማውቀው ስልኩን ነው። እደውላለሁ፤ አይሠራም። ጠዋት፣ ማታ፣ ሌሊት፤ አይሠራም። የመስከረም አጋማሽ ላይ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። ስብሰባ አለብኝ ብዬ ወደ ጥቅምት ገፋሁት። ስብሰባው ስለ ምን እንደነበር ዛሬ አላስታውስም። ያ ስልክ እስኪመለስ የሆንኩትን አልነግራችሁም፤ ብዙዎቻችሁ ከዚያ የባሰ አይታችኋል። ግን ከዚያ ወዲህ «ሌላ ጊዜ እሄዳለሁ» የምትለዋን ቃል እፈራታለሁ። መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት እንዳልሆነ እናንተም እኔም እናውቃለን። ክፍት የሆነ ቀን ሂዱ።

ሁለተኛ፣ መንገዱ።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሐይቅ ለመድረስ ወደ 30 ጨምሩ። በአውሮፕላን ኮምቦልቻ መውረድ ይቻላል፤ አቅም ያለው ይውረድ፣ አልቀናም። እኔ ግን የምወደው አውቶቡሱን ነው።

ሌሊት 11 ሰዓት መናኸሪያ ትደርሳለህ። ረዳቱ «ደሴ ደሴ ደሴ! ያለቀ! አንድ ሰው!» ይላል። ገብተህ ስታይ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። አንድ ሰው ያለው ራሱን ነው መሰለኝ። ደብረ ብርሃን ላይ እግርህ ይደነዝዛል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ አብሮህ ይሄዳል። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ስታልፍ መንገዱ ቁልቁል ይወረወራል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ግዙ። ስትወጡም ስትመለሱም ግዙ። ሸዋ ሮቢት ስትደርስ ሹራብህን አውልቀህ ጭንህ ላይ አድርገሃል፤ ከጎንህ ያለችው ሴትዮ ፓፓያ ታካፍልሃለች። ሰንበቴ፣ አጣዬ፣ ከሚሴ፣ ሐርቡ። ከዚህ በኋላ ማሽላው ነው። ግራና ቀኝ ቆሞ፣ ራሱ ቀላ ብሎ። አንገቴን አውጥቼ አየዋለሁ። ሴትዮዋ «ወሎዬ ነህ አይደል?» አለችኝ አምና። ምን አሳበቀብኝ አልኳት። «ማሽላ እንደ ዘመድ ነው የምታየው» አለች።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከፍታው ግን ከ1,800 ሜትር ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ተነስቶ ወደ 2,500 ይወጣል። ሐረጎ ማለት ያ ነው። ጆሮ ይደፈናል። ሾፌሩ የሙዚቃውን ድምፅ ይቀንሳል። አንዱ ያማትባል፣ አንዱ ቢስሚላሂ ይላል፣ ሕፃናት ፌስታል ይዘው ይዘጋጃሉ። እኔ ሐረጎ ላይ ጆሮዬ ሲደፈን ነው ደረስኩ የምለው።

ምን ይዤ ልሂድ ለምትሉ፣ ብዙ አትያዙ። አስፈላጊው መውጫው ነው። ሁለት ኪሎ ስኳርና ብርቱካን ይዘህ ገብተህ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ከነጠርሙሱ ቅቤ ተሸክመህ ነው የምትመለሰው። አንድ ጊዜ «እማ፣ አዲስ አበባም እኮ ሽሮ አለ» ብያት ነበር። ሽሮ ስጠይቃት ለአንድ ዓመት «አዲስ አበባ አለ አይደል?» ስትል ከረመች። እናንተ አትበሉ።

ሦስተኛ፣ ከደረስን በኋላ ምን እናድርግ?

እዚህ ላይ ልቆይ።

አብዛኛው ሰው ሁለት ቀን ሲኖረው የሚያደርገው ግብር መክፈል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይነሳል። አክስቱ ዘንድ፣ የአባቱ ጓደኛ ዘንድ፣ የክርስትና አባቱ ዘንድ፣ አስተማሪው ዘንድ። እኔ አንድ ቅዳሜ ዘጠኝ ቤት ሄጃለሁ። «አንድ ሲኒ ጠጥቼ ልሂድ» የሚባል ነገር ደግሞ እኛ አገር የለም። አቦል ጠጥተህ ከተነሳህ ጠብ ነው። ቶና ጠጥተህ ከተነሳህ በረካውን ረግጠህ ነው የሄድከው። ሦስት በዘጠኝ ስንት ነው? ሃያ ሰባት ሲኒ። ያን ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን ነጋ። ዘጠኝ ቤት ሄጄ የማንንም ጉዳይ አልሰማሁም። «ደህና ናችሁ?» «አልሐምዱሊላህ» «ተመስገን» «በል ጠጣ»። አለቀ።

ቤት አብዝቶ መዞር መጠየቅ አይደለም። ይህን የነገረኝ ጓደኛዬ ነው።

ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን ነን። እሱ ሐይቅ ቀረ፤ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ዋናው መንገድ ላይ ነው። ባለፉት በዓላት ከዘመድ መኪና ጋር ስመጣ በሱቁ በር አልፋለሁ። እሱ ሲንጀሩ ላይ አጎንብሷል። ክላክስ እናደርጋለን፤ ቀና ይላል፤ እጄን አውለበልባለሁ፤ ያውለበልባል። እኔ ሰላም ያልኩት መስሎኝ ነበር።

አምና በእግሬ ሄድኩ። ሱቁ ገብቼ «እንዴት ነህ?» አልኩ። አቀፈኝ። ወንበር ሰጠኝ። ክር እየበጠሰ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ሦስት በዓል ክላክስ አድርገህ አለፍክ» አለኝ።

ቆጥሯል! ሦስት ብሎ ቆጥሯል። ምን ልበለው? «ቸኩዬ ነው» ብዬ ልጀምር ስል ራሴ አፈርኩ። ያን ቀን ሌላ ቤት አልሄድኩም። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያው ሱቅ ተቀመጥኩ። ደንበኛ ይገባል፣ ይወጣል። ሱሪ አሳጥርልኝ የሚል፣ ዚፕ ቀይርልኝ የሚል፣ የልጅ ዩኒፎርም የሚያሰፋ። ሻይ ይመጣል። መሀል መሀል ላይ እናወራለን። ወሬው እኮ ፊት ለፊት ተፋጥጠው ሲቀመጡ አይመጣም፤ እጅ ሥራ ሲይዝ ነው የሚመጣው። አምስተኛው ሱሪ ላይ የልጁን ሕመም ነገረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያመላለሰውን። እኔ በነዚያ ሁለት ዓመታት በስልክ ስንቴ «እንዴት ናችሁ?» ብየዋለሁ፤ ስንቴ «አለን፣ አብሽር» ብሎኛል። አብሽር ያለኝ እሱ ነው! የታመመበት እሱ፣ አይዞህ ባይ እሱ።

ወገኖቼ፣ ስልክ ላይ «ደህና ነን» የሚላችሁን ሰው አትመኑ። ወሎዬ ደግሞ በጭራሽ አትመኑ።

ትንሽ ልውጣ ከነገሩ። ከሰዓት በኋላ አጎቴ ማሽላው ዘንድ ወሰደኝ። ማሽላ ጥቅምት ላይ ፍሬው ሲጠና ግሪሳ ይመጣል። ስለዚህ መሀሉ ላይ ማማ ይሠራል፤ አራት እንጨት ተተክሎ፣ ላዩ ርብራብ። እዚያ ላይ አንድ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ከንጋት ጀምሮ ይቆማል። አሥር ዓመት አይሞላውም፤ የአጎቴ የልጅ ልጅ ነው። ቅዳሜ ስለሆነ ተረኛው እሱ ነው። ወንጭፉ ከቃጫ የተገመደ ነው። መሀሉ ላይ ድንጋይ የሚቀመጥባት ሰፋ ያለች ቦታ አለች፤ አንዱ ጫፍ ጣት ላይ ይጠለቃል፣ ሌላው ጫፍ በሁለት ጣት ይያዛል። ልጁ አንዴ ራሱ ላይ አዙሮ ለቀቀው። ጧ! አለ። ወፉ ከማሽላው ላይ እንደ ጭስ ተነሳ።

«ስጠኝ እስኪ» አልኩ። እኔም እኮ ማማ ላይ ያደግሁ ነኝ። አዞርኩት። ለቀቅሁት። ድንጋዩ የት ሄደ? ወደ ኋላ! አጎቴ ከኋላዬ ቆሞ ነበር፤ ጎንበስ ባይል ኖሮ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ለቅሶ ነበር። ልጁ ከማማው ሊወድቅ እስኪደርስ ሳቀ። «አዲስ አበባ ወፍ የለም?» አለኝ።

አጎቴ ሲስቅ ቆይቶ የ2013ን ጥቅምት አነሳ። የአንበጣውን ዓመት። ያኔ ወንጭፍም ጅራፍም ጩኸትም አልበጀም፤ ቆርቆሮ እየደበደብን አመሸን አለኝ። እሱንም በስልክ አልነገረኝም ነበር።

አምና ጥንቅሽ የመረጥኩትም እዚያ ነው። ይህን ልጆች አድምጡ፣ ይጠቅማችኋል። ጥንቅሽ የሚመረጠው በውፍረቱ አይደለም። ቅጠሉን ገልብጡና መሀሉ ላይ ያለችውን መስመር እዩ። ነጭ ከሆነች አገዳው ደረቅ ነው፣ ገለባ ነው የምታኝኩት። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ከሆነች ውሃ አለው። ከዚያ አንዷን አንጓ ቀምሶ ማየት ነው። ስትልጡ ከንፈራችሁን ጠብቁ፤ ልጣጩ እንደ ምላጭ ነው። እኔ አምና ቆርጦኝ ስመለስ ቢሮ የገባሁት ከንፈሬ አብጦ ነው። አለቃዬ «ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። «አገሬ ሄጄ» አልኩት። ወሎን ምን ብሎ እንደጠረጠረ እግዜር ይወቅ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። እናቴ።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። «ከኛ ጋር ነይ» ብለን ለምነናታል፤ «እዚያ ማን ያውቀኛል?» ትላለች። ልክ ናት። ያን ዓርብ ሳልነግራት ነው የደረስኩት። ሳልነግር የሄድኩት ላስደስታት ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ በግ እንዳትገዛ ነው። ግቢው በር ላይ ቆሜ «እማ» አልኩ። «ማነህ?» አለች። ድምፄን ሰምታ ነው የለየችኝ። አላስተዋልኩም፤ መሽቷል፣ ጨለማ ነው ብዬ አለፍኩት።

ማታ ምስር ወጥ አቀረበች። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ጠጠር ነከስኩ። ቀጭ! አለ። ምንም አላልኩም። ሦስተኛው ላይ ሌላ። እናንተ እናቴን አታውቋትም። ያቺ ሴት ምስር ስትለቅም ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ ነው የምታየው። ልጅ ሆነን የለቀምነውን እንደገና ትለቅመው ነበር። አርባ ዓመት እጇን ስበላ ጠጠር ነክሼ አላውቅም። ጠጠሩን በጣቴ አወጣሁና ትሪው ጠርዝ ሥር ደበቅሁ። ዝም አልኩ። የመሸ ቀን ነው፣ ቸኩላ ነው አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቡና አፈላች። በዓል ሲሆን ቡናውን የሚያፈሉት ልጃገረዶቹ ናቸው። የዚያን ቀን እሷው ናት። ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ። ጀበናውን አነሳች። ሲኒው ላይ የግራ እጇን አመልካች ጣት አስገባች፤ እንዲህ፣ ከጠርዙ ትንሽ ዝቅ አድርጋ። ቀዳች። ቡናው ጣቷን ሲነካት ቆመች። ወደሚቀጥለው ሲኒ። ጣቷን አስገባች፣ ቀዳች፣ ቆመች። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ጣቷ ጫፉ ላይ ቀልቷል። የፈላ ቡና እኮ ነው! ስንት ወር ይሆን እንደዚህ የቀዳችው?

«እማ፣ ዓይንሽ...» አልኩ።

«ምን ሆነ ዓይኔ? ብርሃኑ ነው። ጠጣ፣ ይቀዘቅዛል።»

ጎረቤታችን እትዬ ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ስለ ወሎ የሚናገር ሰው ሁሉ «ሙስሊሙ ክርስቲያኑ አንድ ላይ» ሳይል አይወርድም፤ እኔ እንደ ጌጥ አላነሳውም። እኛ ቤት የቡናው ዱዓ የሚደረገው በእትዬ ነው፤ እንዲያው እንደዚያ ነው የኖርነው። ያን ቀን ግን የጠቀመኝ ሌላ ነው። እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «በቃ!» አሉ። «በአላህም በማርያምም አስምላን ነው ዝም ያልነው። ልጄ እንዳይሰማ፣ ሥራውን ትቶ እንዳይመጣ ብላ። አሁን በዓይኑ አይቷል፤ መሐላው ወረደልኝ።»

ሁሉም ያውቃል! ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በፋሲካው ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ምስር የሚለቅመው፣ ቡና የሚቀዳው፣ እሷን መሀል አስቀምጦ የሚታዘዘው ለምን እንደነበር አሁን ገባኝ። ለክብሯ መስሎኝ ነበር። እኔን ለመሸሸግ ነበር። እኔ ደግሞ ዶሮዬን በልቼ «እናቴ ጤናዋ ደህና ነው» ብዬ እመለስ ነበር።

እናቴን ግን ምን ልበላት? ተቆጣሁ፤ ተቆጣች። «አንተስ ባለፈው የታመምክ ጊዜ ነግረኸኛል?» አለች። ያንን ከማን እንደሰማች እስካሁን አላወቅሁም። አፌን ያዝኩ።

ሰኞን ደውዬ ፈቃድ ወሰድኩና ቦሩ ሜዳ ሄድን። ቦሩ ሜዳን ታሪክ የሚወድ ሰው የሚያውቀው በ1870ው ጉባኤ ነው፤ አፄ ዮሐንስና ምኒልክ ባሉበት ሊቃውንቱ ስለ ሃይማኖት የተከራከሩበት። ዛሬ ሰው ቦሩ ሜዳ የሚሄደው ዓይኑን ሊታከም ነው። መተላለፊያው ላይ ሰልፍ ይዘን ተቀመጥን። ያለነው ሁሉ እናቱን ወይም አባቱን የያዘ ልጅ ነበር። ከጎኔ ያለው ከደጋ የመጣ ገበሬ አባቱን ይዟል። «እንዴት አወቅህ?» አልኩት። «በግ ገዝቶ መጣ፤ በጉ ፍየል ነው» አለኝ። መሳቅ ነውር ነበር፤ ሳቅን። አባቱ ከሁላችንም በላይ ሳቁ።

የዓይን ሞራ ነው ተባለ። ዓይን ውስጥ ያለችው ሌንስ እንደ ጉም ትደፈርሳለች፤ ያቺን አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተካሉ። ቀጠሮ ተሰጠን፤ ታኅሣሥ ላይ ተመለስኩ። በዓል ባልሆነ ቀን፣ ሁለተኛ ጊዜ። የገባችው በእግሯ ነው፣ የወጣችው በእግሯ ነው። ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ሁሉም ዓይን በሞራ አይደለም የሚታመም፤ ሁሉም በዚህ አይድንም። እናንተ ግን ቤታችሁ ስትሄዱ ቡናው ሲቀዳ ጣቱን እዩ። ምስሩን አኝካችሁ ብሉ።

በማግስቱ ፋሻው ተነሳ። ነርሷ «እማማ፣ ይታይዎታል?» አለቻት። እናቴ መልስ አልሰጠቻትም። ወደኔ ዞራ አየችኝ። ቆየች። ጥምጣሟን ጎተት አደረገችና ምን አለች?

«አንተ! መቼ ነው እንዲህ የሸበትከው?»

ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ። ከዚያ ከእትዬ ጋር ቤት ገቡና የዓመቱን ያወራርዱ ጀመር። «ይህ መጋረጃ እንዲህ ነው የቆሸሸው?» «ይህን ቀሚስ ለብሼ ነው ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት? ምነው ዝም አልሽኝ?» እትዬ «አስምለሽኝ!» ይላሉ። እስከ ማታ ድረስ ተጨቃጨቁ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ በረካዬን ጠጣሁ።

ሰብሳቢው ሰዓቱን እያሳየኝ ነው። አራተኛም ነገር ነበረኝ፤ ስለ መመለሻው፣ ስለ እሑድ ማታ። እሱ ይቅር።

ትናንት ሐይቅ ነው ያደርኩት። ጥንቅሹን የመረጠችው እሷ ናት። ቅጠሉን እየገለበጠች፣ መስመሯን እያየች፣ ደረቁን ወደ ጎን እየጣለች። አንዷን ከሩቅ አይታ «እሷን ተዋት፣ ነጭ ናት» አለችኝ። እኔ አጠገቡ ቆሜ አላየሁትም ነበር።

በሉ ተነሱ፣ ተካፈሉ። ለሽማግሌዎቹ ከመሀሉ አንጓ ስጧቸው፤ የታችኛው ለጥርሳቸው ይጠነክራል። ልጣጩን ወለሉ ላይ አትጣሉ፣ በሩ ጋ ማዳበሪያ አስቀምጫለሁ። ከንፈራችሁንም ጠብቁ። አመሰግናለሁ።